ግብር በጉልበት፣ ግብር በንባብ

ከቦስተን በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኘው ዴድሃም በ1640ዎቹ አጋማሽ ገና አዲስ መንደር ነበረች። ከእንግሊዝ ባሕር አቋርጠው የመጡት ነዋሪዎቿ ጫካ መንጥረው ቤት ከቀለሱ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ያም ሆኖ አንድ ቀን በከተማ ስብሰባቸው ላይ፣ ለልጆቻቸው አስተማሪ መቅጠሪያ በየዓመቱ 20 ፓውንድ ከጋራ ለማዋጣት ወሰኑ። ትናንት ያገባውም፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ሽማግሌም ድርሻውን ሊከፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙም ሳይቆይ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ጉዳዩን በሕግ ደነገገው። በ1647 የወጣው ሕግ 50 አባወራ ያለው ከተማ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፣ 100 አባወራ ያለው ደግሞ ልጆችን ለሃርቫርድ የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት እንዲከፍት አዘዘ። ደመወዙን ወላጆች ይክፈሉት ወይስ መላው ነዋሪ የሚለውን ግን ለየከተማው ተወው፤ ክርክሩም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1837 የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ የመጀመሪያ ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው ሆራስ ማን ከአዳራሽ አዳራሽ እየዞረ፣ የክፍለ ግዛቱ ሀብት በሙሉ ለልጆቹ ሁሉ ትምህርት መያዣ ነው ብሎ ተሟገተ። በ1852 ማሳቹሴትስ ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ግዴታ አደረገች። የቤትና የመሬት ግብርም የትምህርት ቤቶች ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሆኖ ጸና።

በዚያው ዘመን ሌላም ግብር ነበር፤ የመንገድ ግብር። ይህን ግን አብዛኛው ገበሬ በገንዘብ ሳይሆን በጉልበቱ ነበር የሚከፍለው። የኒው ኢንግላንድ ከተሞች በስብሰባቸው ዋጋ ይቆርጣሉ፦ የአንድ ሰው የቀን ሥራ ይህን ያህል፣ አንድ ጥማድ በሬ ይህን ያህል፣ ጋሪና ማረሻ ይህን ያህል። ቀኑ ሲደርስ የመንገድ ተቆጣጣሪው ሰዎቹን ይጠራል። በሬ ያለው በሬውን ነድቶ፣ የሌለው አካፋውን ተሸክሞ ይወጣል። ጉድጓድ ይሞላል፣ ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ቦይ ይቀደዳል። ተቆጣጣሪው የእያንዳንዱን ውሎ በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ያ ውሎም ከግብሩ ይቀነስለታል። ጥሬ ገንዘብ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን፣ ድሃው ሰው ዕዳውን አንገቱን ቀና አድርጎ የሚከፍልበት መንገድ ይህ ነበር።

አሠራሩ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መባቻ ላይ እየከሰመ ሄደ። መጀመሪያ ብስክሌት ነጂዎች፣ ቀጥሎ ባለ መኪኖች ጥሩ መንገድ ጠየቁ። ማሳቹሴትስ በ1893 የአውራ ጎዳና ኮሚሽን አቋቋመች። መንገድ የመሐንዲስና የሠለጠነ ሠራተኛ ሥራ ሆነ፤ ግብርም በገንዘብ ብቻ የሚከፈል። ግብርን በጉልበት የመክፈሉ ሐሳብ ዳግመኛ የሕግ ቅርጽ ይዞ ወደ ማሳቹሴትስ እስኪመለስ ድረስ መቶ ዓመት ያህል አለፈ። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ገበሬዎች ሳይሆኑ ጡረተኞች፣ የሥራው ቦታም የገጠር መንገድ ሳይሆን የመማሪያ ክፍል ሆነ።

በመካከሉ ግን የቤቱ ግብር አድጎ፣ ባለቤቱም አርጅቶ ነበር።

በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲወጣ፣ የአሜሪካ ሠራተኛ ሲያረጅ በየወሩ የሚመጣለት ቋሚ ገቢ አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሚሊዮኖች በሠላሳ ዓመት የባንክ ብድር ቤት ገዙ። ብድሩ ሲያልቅ ሰውየው ጡረታ ይወጣል፤ ቤቱ የራሱ ይሆናል። ግብሩ ግን አያልቅም። ከተማው ቤቱን የሚገምተው በገበያ ዋጋው ነው። ሰፈሩ ሲወደድ ግምቱ ይወጣል፣ ከግምቱ ጋር ግብሩም ይወጣል፤ የባለቤቱ ጡረታ ግን በዚያው ልክ አያድግም። ከዚያ ግብር ውስጥ በብዙ የማሳቹሴትስ ከተሞች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቶች ነው። ባል የሞተባት፣ ልጆቿን ለቁም ነገር ያበቃች እናት በሚሊዮን በሚገመት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ለማሞቂያ ዘይት ገንዘብ የምታጣበት ሁኔታ የመጣው እንዲህ ነው። በአዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨምር በጡረታ የሚኖሩ ባለ ቤቶች ያነሱትን ሥጋት የሚያስታውስ አንባቢ ችግሩን ለመረዳት አይቸገርም።

ይህ ጫና አረጋውያንንና ትምህርት ቤቶችን ሆድና ጀርባ ሊያደርጋቸው እንደሚችል ቀድማ ያሳየችው አሪዞና ነበረች። በ1960 ዴል ዌብ የተባለው የሕንፃ ተቋራጭ ከፊኒክስ አጠገብ ሰን ሲቲ የተባለች የጡረተኞች ከተማ ከፈተ። ጎልፍ ሜዳ፣ መዋኛና መዝናኛ ነበራት፤ ትምህርት ቤት ግን አልነበራትም። ነዋሪዎቿ በአጎራባቿ በፒዮሪያ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት ውስጥ ግብር ከፋይና መራጭ ስለነበሩ፣ ለትምህርት ቤት ግንባታ የሚቀርበውን የብድር ጥያቄ በተደጋጋሚ በድምፃቸው ጣሉት። በመጨረሻም ሰን ሲቲ ከዲስትሪክቱ እንድትወጣ ተደረገ። የፒዮሪያ ልጆች በተጨናነቀ ክፍል ሲማሩ፣ አረጋውያኑ ደግሞ የማያውቋቸውን ልጆች እናስተምር ተባልን ብለው አዝነው ነበር። በሁለቱ መካከል አንድም ቀን አብረው የተቀመጡበት ክፍል አልነበረም።

መንግሥታት ሁለት ዓይነት መልስ መፈለግ ጀመሩ። አንደኛው የገንዘብ ነበር። ዊስኮንሲን በ1964 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ከንብረት ግብራቸው የተወሰነውን የሚመልስ ሕግ አወጣች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ሲሆን ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከተሏት። ሁለተኛው የሰው ለሰው ነበር። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ድህነትን ለመዋጋት ከጀመሯቸው ፕሮግራሞች አንዱ፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው አረጋውያን በሆስፒታልና በማሳደጊያ ያሉ ልጆችን እንዲንከባከቡ መጠነኛ አበል የሚሰጥ ነበር፤ ስሙም «አሳዳጊ አያቶች» ተባለ። በ1971 ደግሞ ጡረተኞችን በየአካባቢያቸው በበጎ ፈቃድ የሚያሰማራው አገር አቀፍ ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መልሶች ግን ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ አልተገናኙም። ግብር የሚቀንሰው ቢሮ ሌላ፣ አረጋውያንን ከልጆች ጋር የሚያገናኘው ቢሮ ሌላ ነበር።

ከዚያ የግብር ዓመፅ መጣ። ሰኔ 6 ቀን 1978 የካሊፎርኒያ መራጮች የ74 ዓመቱ ሃዋርድ ጃርቪስ የመራውን «ፕሮፖዚሽን 13» በሁለት ሦስተኛ ገደማ ድምፅ አጸደቁ። የንብረት ግብር ከቤቱ ዋጋ አንድ በመቶ እንዳያልፍ፣ ቤቱ እስካልተሸጠም ድረስ ግምቱ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳያድግ ታገደ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ሮናልድ ሬገን በተመረጡበት ዕለት፣ ኅዳር 4 ቀን 1980፣ የማሳቹሴትስ መራጮችም ባርባራ አንደርሰን የምትመራው የግብር ገደብ ማኅበር ያቀረበውን «ፕሮፖዚሽን ሁለት ተኩል» ተቀበሉ። ከመቶ 59ኙ ደግፈውታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ከተማ የሚሰበስበው ጠቅላላ የንብረት ግብር ከንብረቱ ዋጋ ሁለት ተኩል በመቶ ማለፍ፣ ከአምናውም ከሁለት ተኩል በመቶ በላይ ማደግ አይችልም፤ ከአዲስ ግንባታ የሚመጣው ብቻ በላዩ ይጨመራል። ይህን ጣሪያ ለማለፍ የፈለገ ከተማ ሕዝቡን ጠርቶ ድምፅ ማሰጠት አለበት።

የመጀመሪያው ምት ያረፈው በትምህርት ቤቶች ላይ ነው። በ1981 በየከተማው መምህራን ተቀነሱ። ቀጥሎ የመጣው ግን ይበልጥ ከባድ ነበር። በጀት በጎደለ ቁጥር ከተማው ከጣሪያው በላይ ግብር ይሰብሰብ ወይ ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። ወላጆች «ለልጆቻችን» የሚል ጽሑፍ ሣራቸው ላይ ይተክላሉ። ጎረቤታቸው ያሉት አዛውንት ደግሞ የግብር ደረሰኛቸውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቼካቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሰላሉ፤ ሒሳቡ አልወጣ ሲላቸው «አይሆንም» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። በ1997 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኢኮኖሚ ምሁር ጄምስ ፖተርባ የክፍለ ግዛቶችን መረጃ አነጻጽሮ፣ የአረጋውያን ድርሻ በጨመረበት ለአንድ ልጅ የሚወጣው የትምህርት ገንዘብ እንደሚቀንስ አሳየ። ቅነሳው የሚከፋው ደግሞ አረጋውያኑና ተማሪዎቹ የተለያየ ዘር በሆኑበት ቦታ ነበር። በመንገድ ላይ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች በድምፅ መስጫ ሳጥን በኩል ይፋለሙ ነበር ማለት ነው።

የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰኔ 1993 በሰጠው ታዋቂ ብይን፣ ከተማው ሀብታምም ይሁን ድሃ እያንዳንዱን ልጅ ማስተማር የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ ነው አለ። ብይኑ በተሰጠ በቀናት ውስጥ የትምህርት ማሻሻያ ሕጉ ተፈረመ፤ ለድሃ ከተሞች ከክፍለ ግዛቱ ካዝና ብዙ ገንዘብ መፍሰስ ጀመረ። መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ከተሞች ግን አሁንም በዋነኛነት የሚተማመኑት በቤት ግብር ላይ ነበር። የቦስተን አካባቢ የቤት ዋጋም በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሽቅብ ወጣ።

በዚያው ጊዜ ሌላ ሙከራ እየተካሄደ ነበር። የሕክምና ተመራማሪዋ ሊንዳ ፍሪድና የማኅበራዊ ሥራ ፈጣሪው ማርክ ፍሪድማን «የልምድ ጓድ» ብለን ልንጠራው የምንችለውን ፕሮግራም ነደፉ። በ1996 በፊላደልፊያ፣ በኒውዮርክ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በፖርትላንድና በቴክሳሷ ፖርት አርተር ተጀመረ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ዕድሜያቸው 60 ወይም 55 ያለፈ ሰዎች ብቅ ብለው የሚሄዱ እንግዶች ሳይሆኑ፣ በሳምንት እስከ 15 ሰዓት ትምህርት ቤት የሚውሉ፣ በቡድን የሚሠሩና መጠነኛ አበል የሚያገኙ የትምህርት ቤቱ አካል ይሁኑ። ይህ ከግብር ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ግን አረጋውያን በመማሪያ ክፍል ውስጥ ቁም ነገር መሥራት እንደሚችሉ ለተጠራጠረ ሁሉ መልስ ሰጠ።

ሁለቱ መልሶች፣ የገንዘቡና የሰው ለሰው፣ የተገናኙት በ1999 ነው።

በዚያ ዓመት የማሳቹሴትስ ምክር ቤት ከበጀቱ ጋር አንድ አጭር አንቀጽ አጸደቀ። አንቀጹ እያንዳንዱ ከተማ፣ ከፈቀደ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ የቤት ባለቤቶች ለከተማው አገልግሎት እንዲሰጡና በምላሹ የንብረት ግብራቸው እንዲቀነስላቸው የሚያደርግ ፕሮግራም ማቋቋም ይችላል ይላል። ገደቦቹ ሁለት ነበሩ። ለአንድ ሰዓት የሚታሰበው ዋጋ ከክፍለ ግዛቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አይበልጥም፤ በዓመት የሚቀነሰውም ከ500 ዶላር አያልፍም። በ2000 በማሳቹሴትስ የደመወዙ ወለል በሰዓት 6 ዶላር ስለነበር፣ ሙሉውን 500 ዶላር ለማግኘት 83 ሰዓት ያህል መሥራት ያስፈልግ ነበር። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚመጣ ሰው በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ያለ ችግር ይጨርሰዋል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጡረተኛዋ መጀመሪያ የምትሄደው፣ በአብዛኞቹ ከተሞች እንደሚደረገው፣ ወደ አረጋውያን ምክር ቤት ነው፤ በማሳቹሴትስ በየከተማው ማለት ይቻላል አለ። እዚያ ምን ትሠሪ ነበር፣ ምን ትችያለሽ፣ ስንት ሰዓት መቆም ትችያለሽ ተብላ ትጠየቃለች። ከልጆች ጋር መሥራት ከፈለገች የወንጀል መዝገቧ ይመረመራል፤ ይህ ለማንም የማይቀር የትምህርት ቤት ሕግ ነው። ከዚያ ምደባ ይሰጣታል፦ ቤተ መጻሕፍት፣ የከተማው ጸሐፊ ቢሮ፣ የምርጫ ጣቢያ፣ ወይም ትምህርት ቤት። የሠራችበትን ሰዓት በወረቀት ትመዘግባለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይፈርምበታል። ወረቀቱ ወደ ንብረት ገማቾቹ ይሄዳል፤ እነሱም ከግብር ደረሰኟ ላይ ይቀንሱላታል። እጇ ላይ የሚገባ ገንዘብ የለም። ከተማውም ቢሆን አዲስ በጀት አይመድብም፤ ቅናሹ የሚያዘው ለማንኛውም የግብር ቅናሽ አስቀድሞ ከሚቀመጠው መጠባበቂያ ነው።

በትምህርት ቤት የሚመደቡት አብዛኞቹ የሚሠሩት ቀላል የሚመስል ሥራ ነው። በሁለተኛ ክፍል ኋላ፣ ለልጆች በተሠራ አጭር ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ያለው ልጅ ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ ያነባል። አንዱ ቃል ሲያስቸግረው አዛውንቱ አይነግሩትም፤ ዝም ብለው ይጠብቁታል። መምህሯ ሃያ አራት ልጅ ይዛ እንዲህ ልትጠብቅ አትችልም። ጡረተኛው ግን ጊዜ አላቸው፤ ለዚያ ልጅ ከምንም በላይ የሚያስፈልገውም ይኸው ጊዜ ነው። ሌሎቹ ደግሞ መጻሕፍት ይደረድራሉ፣ ወረቀት ያባዛሉ፣ በምሳ ሰዓት ልጆችን ይጠብቃሉ፣ የሒሳብ ልምምድ ያያሉ። መሐንዲስ፣ ነርስ፣ አናጺ፣ የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ለዓመታት የትምህርት ቤቱን ስም የሚያውቁት በግብር ደረሰኝ ላይ ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ያልታሰበ እንቅፋት ገጠመው። ማሳቹሴትስ ቅናሹን ከክፍለ ግዛቱ የገቢ ግብር ነፃ አድርጋዋለች። የፌዴራሉ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ግን ሰውየው ሠርቶ ያገኘው ነው፣ ስለዚህ ደመወዝ ነው አለ። ስለዚህ ከ500 ዶላሩ ላይ የፌዴራል የገቢ ግብር፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) መዋጮ ሊታሰብበት ሆነ። ከተሞችም ለእያንዳንዱ አረጋዊ የደመወዝ ማስታወቂያ ቅጽ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ግብር ለመቀነስ የተሠራ ሥራ ሌላ ግብር ወለደ። ይህ በብዙዎች ዘንድ ቅሬታ አስነሳ፤ ቅሬታውም ተገቢ ነበር።

ማሳቹሴትስ ብቻዋን አልነበረችም። የቴክሳስ የግብር ሕግ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ባለ ቤቶች ለግብር ሰብሳቢው አካል፣ ትምህርት ቤት ዲስትሪክትን ጨምሮ፣ በጉልበታቸው እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ለሰዓቱ የሚታሰበው የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። የቴክሳስ ሕግ አንድ ሌላ ቁም ነገርም አለው፦ እነዚህ አረጋውያን ያሉትን ሠራተኞች ያግዛሉ እንጂ አይተኩም፤ በእነሱ ምክንያት የሠራተኛ ቁጥር ወይም የሥራ ሰዓት መቀነስ ክልክል ነው። ይህ ድንጋጌ የትምህርት ቤት ረዳት ሠራተኞችን እውነተኛ ሥጋት ይመልሳል። በበጎ ፈቃድ ስም የሰው እንጀራ መውሰድ ማንንም አይጠቅምምና።

በኮሎራዶ ደግሞ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች ራሳቸው ፕሮግራሙን ያካሂዳሉ። ከእነዚህ አንዱ የቼሪ ክሪክ ዲስትሪክት ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የኦሮራ ከተማ በከፊል ያቅፋል። በምሥራቅ ጠረፍ፣ የንብረት ግብር በአገሪቱ እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ በሆነው በኒውዮርክ የዌስትቼስተር ካውንቲ፣ የግሪንበርግ ከተማ አስተዳዳሪ ፖል ፋይነር ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ተነሥተው ነበር። ሐሳቡ ብዙ አድማጭ አገኘ፤ ነገር ግን በኒውዮርክ አንድ ከተማ የግብር ቅናሽ ለመስጠት በቅድሚያ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። የማሳቹሴትስ ጥበብ የታየው እዚህ ላይ ነው። ፈቃዱን አንድ ጊዜ ለሁሉም ሰጥታ፣ መቀበልና አለመቀበሉን ለየከተማው ተወች።

የምርምር ውጤቶችም አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። በ2006 በባልቲሞር በተጀመረው የልምድ ጓድ ጥናት 702 አረጋውያን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ግማሾቹ አልገቡም። በቦስተን፣ በኒውዮርክና በፖርት አርተር 800 በሚሆኑ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት፣ በአረጋውያን የተደገፉት ልጆች አንብቦ በመረዳት ካልተደገፉት በ60 በመቶ የበለጠ መሻሻል እንዳሳዩ መዘገበ። የአረጋውያኑም ጤና ተመረመረ። ቀደም ሲል የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች በትምህርት ቤት የሚውሉት ይበልጥ እንደሚንቀሳቀሱ አሳይተው ነበር። በ2015 ደግሞ ከባልቲሞሩ ጥናት ተሳታፊዎች የጥቂቶቹ አንጎል በምስል ታየ። በዕድሜ እየመነመነ የሚሄደው የማስታወስ ክፍል፣ በተለይ በወንዶቹ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቀነስ ይልቅ በትንሹ መጨመሩ ተመዘገበ። እነዚህ ጥናቶች የተደረጉት በግብር ቅናሽ ፕሮግራሞች ላይ አይደለም፤ ሰዓቱም እዚያ ይበዛል። ሥራው ግን ያው ነው፦ አንድ አረጋዊ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ።

የማሳቹሴትስ ሕግም ከጊዜው ጋር እየተሻሻለ ሄደ። የ500 ዶላሩ ጣሪያ በ2002 ወደ 750፣ በ2009 ደግሞ ወደ 1,000 ዶላር ከፍ አለ። በዶላር ፈንታ በሰዓት መወሰን የመረጠ ከተማም በዓመት እስከ 125 ሰዓት እንዲፈቅድ አማራጭ ተሰጠው። በነሐሴ 2016 ገዥው ቻርሊ ቤከር የከተሞችን አስተዳደር የሚያዘምን ሰፊ ሕግ ሲፈርሙ ጣሪያው 1,500 ዶላር ደረሰ። አስቀድሞ የታየ አንድ ጉድለትም መፍትሔ አገኘ፦ በአካል ድካም መሥራት የማይችል ባለ ቤት፣ ከተማው ከፈቀደ፣ በእሱ ስም ሌላ ሰው እንዲሠራለት ማድረግ ይችላል። ልጅ ለእናቱ፣ የልጅ ልጅ ለአያቱ መሥራት ቻለ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፕሮግራሙ ወሰን አለው። በማሳቹሴትስ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት አማካይ የግብር ደረሰኝ በዓመት ከ7,000 ዶላር በላይ ሆኗል፤ ከዚያ ላይ የሚደረገው ቅናሽ ቢያቃልልም ሸክሙን አያወርድም። ቤት የሌላቸው ተከራዮች፣ ከሁሉ ይበልጥ የተቸገሩት፣ ከቅናሹ ተጠቃሚ አይደሉም። ብዙ ከተሞች ቦታውን ስለሚወስኑት አመልካች ሲበዛ በገቢ መለየት ወይም ዕጣ ማውጣት ግድ ይላል። በሰማንያዎቹ ያሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የሚተካቸው ዘመድ የሌላቸው ሰዎችም አሉ፤ ለእነዚህ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይሆን ቀጥተኛ ድጎማ ነው። ማሳቹሴትስ ይህን ሳትዘነጋ በ2001 ሌላ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች፤ ዕድሜያቸው 65 የሞላና ገቢያቸው የተወሰነ ባለ ቤቶችም ተከራዮችም፣ የንብረት ግብራቸው ወይም የኪራያቸው ሩብ ከገቢያቸው አንድ አሥረኛ ሲበልጥባቸው የተወሰነውን ክፍለ ግዛቱ ይመልስላቸዋል። ሁለቱ ሕጎች አንዱ ሌላውን ማስቀረት የለበትም። ጡረተኛን ለግብሩ ሥራ ብሎ ማስገደድ ክፋት ነው፤ መሥራት የሚፈልገውን በሩን መዝጋትም እንዲሁ።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ በ2023፣ ገዥዋ ማውራ ሂሊ ሰፊ የግብር ማቃለያ ሕግ ፈረሙ። የአገልግሎት ቅናሹ ጣሪያ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ አለ፤ ለአረጋውያን የሚመለሰው ገንዘብ ደግሞ በእጥፍ አደገ። የደመወዙ ወለል በዚያው ዓመት በሰዓት 15 ዶላር ስለገባ፣ 2,000 ዶላሩ 133 ሰዓት ያህል ሥራ ይጠይቃል። በ2000 ለ500 ዶላር ከተጠየቀው 83 ሰዓት ጋር ሲነጻጸር፣ ሰዓቱ በ60 በመቶ ገደማ ሲጨምር ቅናሹ አራት እጥፍ ሆኗል።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢም ሩቅ አይደለም። ከዋሽንግተን ዙሪያ እስከ ኦሮራ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የመጡ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው፣ ልጆቻቸውን አስተምረው አሁን ጡረታ እየወጡ ነው። በቨርጂኒያ እንደ ፌርፋክስ ባሉ ካውንቲዎች ዕድሜያቸው 65 የሞላና ገቢያቸው የተወሰነ ባለ ቤቶች ያለ ምንም ሥራ የግብር ቅናሽ ይሰጣቸዋል፤ በኮሎራዶና በማሳቹሴትስ ደግሞ የሥራው አማራጭ አለ። በኢትዮጵያም የንብረት ታክስ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ ቤት እንጂ ገቢ የሌለው ጡረተኛ ጉዳይ ከእንግዲህ በየከተማው መነሳቱ አይቀርም።

በማሳቹሴትስ የቀረው ሥራ የየከተማው ነው። የ2,000 ዶላሩ ጣሪያ ሥራ ላይ የሚውለው ከተማው በራሱ ስብሰባ ወይም ምክር ቤት ሲቀበለው ነው፤ የሚመደበውን ሰው ቁጥር የሚወስነውም ራሱ ነው። ስለዚህ ለአዲሱ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 በፊት በሚደረጉት ስብሰባዎች ላይ የሚነሡት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ስንት ቦታ ይከፈታል? የአረጋውያን ምክር ቤቱ ማመልከቻ እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናቶችና አባቶች በቋንቋቸው ይዘጋጃል ወይ? አቅም ያጡት ወኪል እንዲልኩ ከተማው ፈቅዷል ወይ? የፌዴራሉ መንግሥትስ ይህን ቅናሽ ደመወዝ ነው ማለቱን መቼ ይተዋል? የመጨረሻውን ለማስቀየር ኮንግረስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ግን ማንኛውም ነዋሪ በከተማው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ሊያነሳቸው ይችላል።